ከጉና እስከ ጣና ውሃው አንድ ነው

የፎገራን ሜዳ ጉዳይ በየዘርፋችሁ ለያዛችሁ የግብርና፣ የውሃ፣ የመስኖ፣ የእንስሳትና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች በሙሉ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ ለአንድ ቢሮ ብቻ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ግን ሞክረነዋል። የጉማራ ወንዝ የእኛን ጎጥ በሚነካበት መታጠፊያ ላይ ዳሩ ተናደ። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሆነን አቤት ለማለት ሄድን። አንዱ ቢሮ «የተጎዳው ማሳ ከሆነ የግብርና ጉዳይ ነው» አለን። ሁለተኛው «ወንዝ ከሆነ የውሃ ነው» አለን። ሦስተኛው ጋ ስንደርስ «እኛ የምንሠራው አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው» ተባልን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና «ታዲያ ልጄ፣ ውሃው ሲመጣ የየትኛው ቢሮ ነኝ ብሎ ይመጣል?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለእናንተ ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው።

ከላይ ልጀምር። ጉና ከደብረ ታቦር በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ተራራ ነው። ከፍታው ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ርብም ጉማራም የሚነሱት ከእሱ ነው። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ወርደው ጣና ይገባሉ። ጣና ያለው 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህ ሁሉ ቁልቁለት ግን እኩል አይደለም። ውሃው ተራራውን በጥድፊያ ይወርድና ሜዳው ላይ ሲደርስ ቁልቁለቱ በድንገት ያልቅበታል። ያኔ ይደክመዋል። ተሸክሞት የመጣውን አፈር ያራግፋል። ያ የተራገፈ አፈር ነው ፎገራ የሚባለው።

ስለዚህ ጎርፉን «ጠላት» ስትሉት በየስብሰባው ስሰማ ቅር ይለኛል። ቤታችንን ያፈረሰውም ያጎረሰንም እሱ ነው። ወንዙ ባይዘረጋ ሜዳው አይኖርም ነበር።

ሜዳውን ለማታውቁት፦ በደቡብ ጎንደር ዞን ነው ያለው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ወረታ ትደርሳላችሁ። ከዚያ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፤ ሌላው በደርግ ዘመን ቻይኖች የሠሩት፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። በጋ ላይ የበሬ ሰኮና እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ጫማችሁን ያስቀራል።

የድሮ ሰዎች ይህን መሬት ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። የአፄ ሠርጸ ድንግል የሚባለው የጉዛራ ግንብ እንፍራዝ አጠገብ ጉብታ ላይ ነው ያለው። ሐይቁንና ሜዳውን ቁልቁል ያያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴ የሚጎርፍበት የይፋግ ገበያም ከርብ ወዲያ ማዶ ነው። ነገሥታቱም ነጋዴዎቹም ሜዳው መሀል አልሰፈሩም። መሀሉን ለውሃና ለከብት ተዉት።

የፎገራ ከብት የሚባለው ዘር የወጣው ከዚያ ነው። የእንስሳት ቢሮ ሰዎች ስለ እሱ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲያረባው ኖሯል። እኔ የማውቀው አንዲቱን ነው። ቡሬ ነበር ስሟ፤ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር። አጭር ቀንድ ነበራት። ነሐሴ ላይ ሌላ ላም ከጉብታው አልወርድም ብላ ስትቆም ቡሬ ውሃው ውስጥ እስከ ሆዷ ትገባለች። አፍንጫዋን ከፍ አድርጋ ከውሃው በላይ ብቅ ያለውን ሣር እየሳበች ትበላለች። ዝንቡ አይኗ ላይ ይሰፍራል፤ ግድ አይላትም። ማታ ጭቃ ለብሳ ትመለስና ታለባለች። አባቴ «ይቺ ላም ውሃ ተምራለች» ይል ነበር። በአንድ ዕድሜ የተማረችው ግን አይደለም። ስንትና ስንት ዘመን የፈጀ ነገር ነው።

አሁን ቡሬን የምትመስል ላም እኛ ጎጥ ውስጥ የለችም። ግጦሹ ታረሰ። የቀሩትም ከሌላ ዘር ተዳቀሉ።

ግጦሹን ያረሰው ሩዝ ነው። በሩዝ ላይ ግን ክፉ አልናገርም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከሩዝ በፊት ሜዳው ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል። ውሃው ሲሸሽ በቀረችው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። ጓያ ድርቅ ቢመጣ ውሃ ቢመጣ አይሞትም። ክፉ ዓመት ላይ ደግሞ የድሀ ቤት ምግብ እሱ ብቻ ይሆናል። ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩን ያጣል። በ1969 ዓ.ም. አካባቢ በደምቢያና በፎገራ ብዙ ሰው በዚህ ሽባ ሆኗል። በልጅነቴ በሁለት ዱላ እየተራመዱ ገበያ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። «ምን ሆነው ነው?» ስንል «ጓያ ሰብሯቸው ነው» እንባል ነበር።

ሩዝ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳው ላይ በራሱ የሚበቅል የዱር ሩዝ ነበር። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡና በደራ ጅግና እና በፎገራ ሻጋ በአምራች ማኅበራት መሬት ላይ ሙከራው ተጀመረ። በኋላ ማኅበራቱ ፈረሱ። ዘሩ ግን ገበሬው ጓዳ ገብቶ ቆየ። ከጎረቤት ጎረቤት በቁና እየተሰፈረ ተዳረሰ። ዛሬም ኤክስ-ጅግና ነው የምንለው። በኋላ መንግሥት ሩዝን «የሚሊኒየሙ ሰብል» አለው፤ ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተከፈተ። በማዕከሉ እንኮራለን። ዘሩን ያቆየው ግን ገበሬው መሆኑ እንዳይረሳ እፈልጋለሁ።

እናቴ መጀመሪያ ከጤፍ ጋር ቀላቅላ እንጀራ ጋገረችው። ነጭ ወጣ። ጎረቤት ሁሉ ሊያይ መጣ። ከዚያ ወዲህ ዳቦውም ጠላውም ከሩዝ ሆነ። ገለባው ለከብት ሆነ፤ ጣሪያም ከደነ። ወረታ ከዳር እስከ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ሆነች። ከደጋ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም እንጀራ አገኘ። ለሥራ ወደ ሁመራና መተማ የሚሄደው ሰው ቁጥር እንዲቀንስ የሚረዳ ሥራ ነው ይህ። እዚያ መሄድ ምን እንደሚያመጣ በ1997 ዓ.ም. አይተናል። ካላዛር የሚባለው ገዳይ የቆላ በሽታ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ድረስ ገብቶ ስንቱን ቤት እንዳጨለመው የጤና ቢሮ ሰዎች አትረሱትም።

ሩዛችን አንድ ነውር አለበት። ጠጠር።

እናቴን በዓይነ ኅሊናዬ ሳያት ሰፌድ ይዛ ነው። ደጃፍ ላይ፣ ፀሐይ ወደምትገባበት ዞራ ትቀመጣለች። ሩዙን በቀጭኑ ትዘረጋዋለች። በአመልካች ጣቷ ፍሬውን ወደ አንድ ወገን እየገፋች ጠጠሩን ትለቅማለች። ነጭ ጠጠር ከሩዝ ጋር ይመሳሰላል፤ እሱን የምታገኘው በዓይኗ ሳይሆን በጣቷ ነው። ለአንድ እራት ግማሽ ሰዓት። ያመለጣት አንዲት ጠጠር ጥርስ ላይ «ቀጭ» ትላለች፤ ሁላችንም መብላታችንን እናቆማለን።

ጠጠሩ የሩዙ ጥፋት አይደለም። አውድማው በእበት የተለቀለቀ ዋልካ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ በሬዎቹ እየዞሩ ሲያበራዩ ልቅላቂው ይሰነጠቅና አፈሩ ከፍሬው ጋር ይነሳል። መፈልፈያው ላይ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል። ከዚያ ባሕር ዳር ያለ ሆቴል እንኳ ከውጭ የመጣውን ይገዛል። ገበሬው ሦስት ጊዜ ጎንበስ ብሎ ያረመው ሩዝ በጠጠር ምክንያት ዋጋ ያጣል። ግብርና ቢሮዎች፣ እባካችሁ፣ ለእያንዳንዱ ጎጥ አንድ የጋራ የሲሚንቶ አውድማ አሠሩልን። እሱ እስኪሠራ ጠንካራ ሸራ በብድር ይሰጠን። መውቂያ ማሽን ለሥልጠና ቀን መጥቶ ፎቶ ተነስቶበት ከሚመለስ እዚሁ ይቅር፤ ወጣቶች ተደራጅተው እያከራዩት ይሥሩበት።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ።

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ውሃው ሌሊት ገባ። ድምፅ አልነበረውም። ያወቅነው ምድጃው ውስጥ የተዳፈነው እሳት «ጭስስ» ሲል ነው። አባቴ ተነስቶ እግሩን መሬት ላይ ሲያደርግ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደረሰ። እናቴ ሕፃኑን አዝላ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ጎታው ነው። ጎታ የሚሠራው ከጭቃና ከጭድ ነው። ከታች ውሃ ሲነካው ሟሟ። የዓመት እህላችን እግራችን ሥር ፈሰሰ። ጠዋት በደንገል ታንኳ ሰዎች መጥተው አወጡን። ቡሬ ከኋላችን ዋኝታ ወጣች። በዚያ ክረምት በጣና ዙሪያ፣ ፎገራም ሊቦም ደምቢያም ደራም፣ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቅሏል። በ2012 ክረምት ደግሞ እንደገና መጣ።

ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ዝናብ ስለበዛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስተውለው ነገሩ የተሳሰረ ነው። የጉና ተዳፋት ታርሶ አፈሩ ይወርዳል። ያ አፈር የርብንና የጉማራን ወለል ከፍ ያደርገዋል። አንዳንድ ቦታ ወንዙ ከማሳው በላይ ነው የሚፈሰው ብል አላጋንንም፤ ዳሩ ላይ ቆማችሁ ማሳውን ቁልቁል ነው የምታዩት። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ጨረጨራ ላይ የጣና መውጫ ተገደበ። በ2002 ዓ.ም. የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። መብራቱን እንፈልገዋለን። ነገር ግን የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅ ገብቷል። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሲቆይ ወንዙ አፉ ላይ ይገታል፤ የተገታ ወንዝ ወደ ጎን ይሄዳል። መዝጊያውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ናቤጋና ዋገጠራ ቀበሌ ያለው ገበሬ ደጃፍ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃል? ለገበሬውስ የሚደውል አለ?

እኛስ ምን አደረግን? ክትር ሠራን። አካፋና ዶማ ይዘን ወጥተን የወንዙን ዳር በአፈር ከፍ አደረግነው። በሚቀጥለው ክረምት እኛ ዳንን፤ ማዶ ያሉት ሰጠሙ። እነሱም ክትራቸውን ከእኛ ከፍ አደረጉት። ከዚያ እኛ። ማዶ ያሉት ክርስትና የተነሳናቸው፣ ልጅ የዳርንላቸው ሰዎች ናቸው። ለቅሶ ላይ ስንገናኝ ሰላምታው ቀዝቅዟል። ይህ ሁሉ የሆነው ሁለቱን ዳር አንድ ላይ የሚለካ ባለሙያ ባለመምጣቱ ነው። የእኛን ለቀበሌያችን፣ የእነሱን ለቀበሌያቸው ነው የሚጻፈው።

ርብ ላይ ግድቡ ተሠርቷል። 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ታች በፎገራና በሊቦ 20 ሺህ ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ነው የታቀደው። ትልቅ ነገር ነው፤ ሲጀመር እልል ያልነው እኛው ነን። አሁን የምንጠይቀው ቀላል ነው። ቦዩ የትኛው ጎጥ ውስጥ መቼ እንደሚደርስ ቀኑን በግልጽ ንገሩን። ገበሬው በጭምጭምታ አይኑር። ቦዩ እስኪደርስ ድረስ ደግሞ ሁሉም የውሃ ሞተር ገዝቶ ከወንዙ እየሳበ ነው። ጥርና የካቲት ላይ የሞተሩ ድምፅ ሌሊቱን አያስተኛም። ሁሉም የሚያለማው ሽንኩርት ነው። ሁሉም አንድ ሰሞን ያወጣል። ማከማቻ ስለሌለ ደላላው በጠራው ዋጋ ይሸጣል፤ አንዳንዴ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። መጋቢት ላይ ደግሞ ወንዙ ራሱ ወደ ታች መሄድ ያቅተዋል። ከላይ ያለው ጠጥቶ ከታች ያለው ባዶ አሸዋ ያያል።

መከራው ለዓሣውም ነው። ነጭ አሳ የምንለው፣ በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙ ዝርያዎች ያሉበት፣ ክረምት ላይ እንቁላሉን ለመጣል ከሐይቁ ወደ ጉማራና ርብ ይወጣል። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቀዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ የተወቀጠ የብርብራ ዛፍ ፍሬ። ብርብራ ውሃውን ሲነካ ትልቁም ትንሹም አሳ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። ወረቀቱ ባሕር ዳር አለ። ሐምሌ ላይ ጉማራ አፍ ላይ ግን ጠባቂ አላየሁም። ሐይቁን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ ብዙ ተብሏልና አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ እምቦጩ የሚጠግበው ከማሳችን ታጥቦ በሚገባው ማዳበሪያና ደለል ነው። ሐይቁ ላይ በእጅ ስንለቅመው ወንዙ ከላይ እያበላው ነው።

የምንለምነው እንግዲህ ይህ ነው። ከጉና ራስ እስከ ጣና ዳር ያለውን የሁለቱን ወንዞች ነገር የሚይዝ አንድ ጠረጴዛ ይኑር። እርከኑም፣ ክትሩም፣ ግድቡም፣ የጨረጨራ መዝጊያውም፣ ሞተሩም፣ ግጦሹም እዚያ ይታይ። ጠረጴዛው ወረታ ቢሆን ደስ ይለናል፤ ሽማግሌዎቹ በእግራቸው ይደርሱበታል። የሁለቱ ዳር ሰዎች አብረው ይቀመጡበት። የጉና ገበሬ እርከን ሲሠራ የሚያድነው የራሱን አፈር ብቻ አይደለም፤ የእኛንም ቤት ነው። ስለዚህ ከታች ያለነው ለእሱ የምናዋጣበት መንገድ ቢበጅ እናዋጣለን። በገንዘብ ባይሆን በሩዝ እናዋጣለን። ይህን የምለው ከራሴ አይደለም፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተነጋግረንበታል።

ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ስጽፈውም ልቤ ይከፈላል። በወንዙ አፍና በሐይቁ ዳር የቀረው የወል ግጦሽ ይቁም። ከዚህ በኋላ አይከፋፈል። ወንድሜ የሚኖረው ከግጦሹ ተቆርሶ ለወጣቶች በተሰጠ መሬት ላይ ነው። ሦስት ልጆች ያሳድግበታል። ውሰዱበት አልልም። ወጣቱ መሬት የለውም፤ መሬት የለህም ብላችሁ ብቻ ልትመልሱትም አትችሉም። ግን ያ ሣር ያለበት ቦታ ወንዙ ሲሞላ የሚያርፍበት ነው። እሱም ከታረሰ ውሃው የሚያርፈው ቤታችን ላይ ነው። ወጣቱን በአውድማው፣ በመፈልፈያው፣ በሽንኩርት ማከማቻው፣ በወተቱ አስገቡት። የፎገራ ላም ለሚያቆይ ቤተሰብ ድጋፍ ይሰጠው። ሩዝ ባለበት ገለባ አለ፤ ገለባ ካለ ላም ይኖራል። ሁለቱን ያጣላናቸው እኛ ነን።

የክልሉ ሁኔታ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ብዙ መንገድ እንደልብ አይኬድም፤ ብዙ ቢሮም ሥራው ተስተጓጉሏል። ወንዙ ግን ሰላም እስኪሆን አይጠብቅም። ቢያንስ መለካቱ ይጀመር። በሁለቱም ዳር፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ ገመድ።

የምትመጡ ከሆነ በሐምሌ ኑ። ወረታ ድረስ በመኪና ትመጣላችሁ፤ ከዚያ ቦቲ ያስፈልጋችኋል። እኛ ጋ ያለው መታጠፊያ ላይ አብረን እንቆማለን። ማዶ ያሉትንም ጠርቻቸዋለሁ። እንመጣለን ብለዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከጉማራ ዳር